ለቆርቆሮ ጣሪያ የቱ ይሻላል፦ ባዶውን መተው፣ ነጭ ቀለም ወይስ የሜታማቴሪያል ፊልም?

ከለገጣፎ እስከ ቱሉ ዲምቱ የቆርቆሮ ጣሪያ አመሉ አንድ ነው፤ ቀትር ላይ ያቃጥላል፣ ሌሊት ይበርዳል፣ ንጋት ላይ ጤዛ ቋጥሮ ያንጠባጥባል። “አቀዝቃዥ” ተብሎ የሚሸጠው የሜታማቴሪያል ፊልም (በደቃቅ ቅንጣቶች አሠራሩ ብርሃንና ሙቀትን የሚቆጣጠር ስስ ላስቲክ) የሚያስታግሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የቀሩትን ሁለቱን እንዲያውም ሊያባብስ ይችላል።

አዲስ ቆርቆሮ እያብረቀረቀ የሚግለው፣ ካረፈበት የፀሐይ ብርሃን ሲሶውን ወይም ከዚያ በላይ ስለሚውጥና የዋጠውን በኢንፍራሬድ (በዓይን በማይታይ የሙቀት) ጨረር መልሶ መልቀቅ ስለማይሆንለት ነው። ነጭ የጣሪያ ቀለም በሁለቱም ይበልጠዋል፦ አዲስ ሳለ ከብርሃኑ ከ80 እስከ 85 በመቶ ይመልሳል፣ ሙቀትም በደንብ ይለቃል።

ፊልሙ ሌላ ብልሃት አለው። በ2017 የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳዩት ዓይነት ውፍረቱ 50 ማይክሮን ነው (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው)፤ ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ 8 ማይክሮን ገደማ የሆኑ ደቃቅ የመስታወት እንክብሎች ተበትነዋል፣ ከሥር በብር ተለብጧል። ብሩ ፀሐይን ይመልሳል፤ 96 በመቶ ገደማ። እንክብሎቹ መጠናቸው ከሙቀት ጨረር የሞገድ ርዝመት ጋር ስለሚቀራረብ ከ8 እስከ 13 ማይክሮን ባለው ሞገድ አጥብቀው ያስተጋባሉ፣ ሙቀቱንም በዚሁ ሞገድ ይለቃሉ። ጥርት ያለ አየር ይህን ሞገድ ብዙም አያግደውም፤ ሙቀቱ በቀጥታ ወደ ጠፈር ይሄዳል። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው የእኛ ከፍታ፣ በበጋው ደረቅ አየር፣ ሁኔታው ምቹ ነው። ክረምት ላይ ደመናው ያንኑ ሞገድ መልሶ ስለሚልክ ጥቅሙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ደግሞስ በሐምሌ ማቀዝቀዣ የሚፈልግ ማን አለ?

ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ሒሳቡን ይሥሩ። ቀትር ላይ አንድ ካሬ ሜትር 1,000 ዋት ያህል ፀሐይ ያገኛል፤ ስለዚህ እያንዳንዷ 1 በመቶ 10 ዋት ናት። ንጹሕ ፊልም 40 ዋት፣ 85 በመቶ የሚመልስ ቀለም 150 ዋት ይውጣሉ። አቧራ ለብሶ ወደ 85 በመቶ የወረደ ፊልም ግን ከታጠበ ቀለም አይለይም። በጠጠር መንገድ ወይም በድንጋይ ካባ አጠገብ ላለ ቤት ውሳኔው የሚያዘው እዚህ ላይ ነው፦ በበጋ በየጊዜው ጣሪያውን በውኃና በለስላሳ ጨርቅ የሚያጥብ ሰው ከሌለ ፊልሙን አይግዙ።

ገበያ ላይ ተራ የሚያብረቀርቅ ላስቲክም በዚህ ስም ሊቀርብልዎ ይችላል። መለየት ቀላል ነው። ከአንድ ጌጅ ቆርቆሮ ሁለት 30 በ30 ሴንቲሜትር ቁራጭ ይቁረጡ፤ አንዱን ነጭ ይቀቡ፣ በሌላው ፊልሙን ይለጥፉ፣ ሁለቱንም ፎም ላይ አስተኝተው ከሥር ቴርሞሜትር ያስገቡ። በጠራ ቀን ከ5 እስከ 8 ሰዓት ይከታተሉ። ፊልሙ ከቀለሙ በላይ ከጋለ ሙቀት የማይለቅ ላስቲክ ነው። ሻጩ በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ሊያሳይዎ ከሞከረ አይመኑ፤ መሣሪያው በሚያብረቀርቅ ብረት ላይ የሚያነበው የሰማዩን ነጸብራቅ ስለሆነ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ጥቁር ናስትሮ ለጥፈው ናስትሮውን ይለኩ።

ፊልም ለኢጋ ቆርቆሮ ይስማማል፤ በሞገደኛው ላይ ሸለቆው ውስጥ አየር ስለሚቋጥር ያብጣል፣ ነፋስም ይገነጥለዋል። ከታችኛው ጠርዝ ጀምረው ወደ ላይ እየወጡ 5 ሴንቲሜትር ያደራርቡ። የተቆረጠ ጠርዝ ሁሉ በሲሊከን ይታሸግ፤ ውኃ ከገባ ብሩ ይጠቁራል፣ የጠቆረውም ፀሐይ ይውጣል። ለቀለም ዝገቱን ፍቆ ለጋልቫናይዝድ የሚሆን መሠረት መቀባት ግድ ነው፤ ያለዚያ ቶሎ ይላጣል። መጠኑን ሲያሰሉ የሞገደኛ ቆርቆሮ ገጽ ከሚሸፍነው ስፋት 1.15 እጥፍ ገደማ እንደሚሆን አይርሱ፦ 40 ካሬ ጣሪያ 46 ካሬ ይሆናል፤ ሊትሩ 8 ካሬ በሚሸፍን ቀለም ለሁለት እጅ 12 ሊትር ገደማ ይበቃል።

ለመኖሪያ ቤት ነጭ ቀለምና አየር የሚያስገባ ኮርኒስ እንመርጣለን፤ ቀለሙም ፊልሙም ሌሊት ከባዶ ቆርቆሮ ይልቅ ስለሚቀዘቅዙ ኮርኒስ ከሌለ የንጋቱ ጠብታ ይብሳል። ፊልሙ ገንዘቡን የሚያወጣው ወተት ወይም አትክልት በሚቀመጥበት መጋዘንና በኮንቴይነር ሱቅ ላይ ነው። ኮንቴይነር ጣሪያው ብዙም ሸለቆ ስለሌለው ለመለጠፍም ይቀላል።