ከ«ብሮክን» ጋር የምትመጣው ትንሿ ሸክላ

ናይን ኢንች ኔይልስ የተባለው የአሜሪካ ኢንዱስትሪያል ሮክ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1992 «ብሮክን» የተባለውን አጭር አልበሙን ሲያወጣ ሁለት ዘፈኖችን ከዋናው ሥራ ለይቶ በሸክላው እትም ውስጥ ባለ 7 ኢንች ነጠላ ሸክላ ላይ አስቀምጧቸዋል። በኋላ በታተሙት ሲዲዎች ግን እነዚሁ ዘፈኖች የሚገኙት ከበርካታ ድምፅ አልባ ትራኮች በኋላ በ98ኛውና በ99ኛው ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 እንደገና የታተመው ሸክላ ይህችኑ ትንሽ ሸክላ መልሶ ማካተቱ በእጅጉ የሚያስመሰግን ነው።

በአንዱ ገጽ የእንግሊዛዊው ድምፃዊ የአዳም አንት ድርሰት የሆነው «ፊዚካል»፣ በሌላው ደግሞ የባንዱ መሪና ድምፃዊ ትሬንት ሬዝነር ቀደም ሲል ፒግፌስ ከተባለ ሌላ ባንድ ጋር የሠራው «ሰክ» ይገኛል። «ፊዚካል» በዝግታ የሚራመድ ሲሆን፣ ተደራርበው የተቀረጹት ጊታሮች ክብደት ከድምፃዊው የታፈነ ንዴት ጋር ሲዋሐድ፣ በእኔ ግምት፣ ከዋናዎቹ ዘፈኖች ከአብዛኞቹ ይበልጣል። «ሰክ» ቤዝ ጊታሩ ወደፊት የወጣበት፣ ለዳንስ የቀረበ ምት ያለው ነው።

ሁለቱም ዘፈኖች ከ5 ደቂቃ በላይ ስለሚረዝሙ ለባለ 7 ኢንች ሸክላ ብዙ ናቸው። መርፌው ወደ መሃል በተጠጋ ቁጥር በእያንዳንዱ ዙር የሚሸፍነው ርቀት ስለሚያጥር የቀጫጭን ድምፆች ጥራት መቀነሱ አይቀርም፤ ሆኖም ጊታሮቹ ሆን ተብሎ እንዲሻክሩ የተደረጉ በመሆናቸው ጉድለቱ ጎልቶ አይሰማም። ዘፈኖቹን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ሲዲው ይበቃል፤ ባንዱ እንዳሰበው ለይቶ መስማት ለሚፈልግ ግን ይህች ሸክላ ዋጋዋን ታወጣለች።