ከለንደን ወደ ኤደንብራ፦ ርካሽ በረራ ወይስ ባቡር?

ኤደንብራ ውስጥ ሰርግ፣ ክርስትና ወይም ምርቃት ያለባቸው የለንደን ወዳጆቼ «15 ፓውንድ የማይሞላ የአውሮፕላን ትኬት አግኝቻለሁ፤ ልቁረጠው ወይስ በባቡር ልሂድ?» እያሉ ደጋግመው ይጠይቁኛል። መልሴ ባቡር ነው፤ ምክንያቱንም ከዋጋው እጀምራለሁ።

በ15 ፓውንድ የሚፈቀደው ከመቀመጫ ሥር የምትገባ አንዲት ትንሽ ቦርሳ ብቻ ናት። ከለንደን መሃል እስከ ስታንስቴድ አውሮፕላን ማረፊያ በፈጣኑ ባቡር ለመሄድ፣ ትኬቱን በዕለቱ ለሚቆርጥ ሰው ከ20 ፓውንድ በላይ ያስወጣል፤ ኤደንብራ ሲደርሱም ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማ ለመግባት የትራም ሒሳብ ይጠብቃል። ሻንጣ ከተጨመረ ያ ርካሽ ትኬት ርካሽነቱ ያበቃል። አንዲት እናት ለሰርግ የያዙት የእንጀራ ካርቶን መሳፈሪያው በር ላይ ባለው የብረት መለኪያ አልገባ ብሎ፣ ከትኬታቸው እጥፍ በላይ ሲከፍሉ ቆሜ አይቻለሁ።

በ2021 ሥራ የጀመረው ሉሞ የተባለው ባቡር ግን ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሲሆን፣ ለንደን ካለው የኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ተነስቶ በአራት ሰዓት ተኩል ገደማ ጊዜ ውስጥ ኤደንብራ ከተማ መሃል ዌቨርሊ ጣቢያ ያደርሳል። ሳምንታት ቀደም ብሎ ለሚቆርጥ ሰው ከ30 እስከ 50 ፓውንድ ባለው ዋጋ ይገኛል፤ ሬይልካርድ (የባቡር ቅናሽ ካርድ) ያለው ደግሞ አንድ ሦስተኛው ይቀነስለታል። በረራው ራሱ አጭር ቢሆንም፣ የማረፊያው መንገድ፣ ፍተሻውና ጥበቃው ሲደመሩ በጊዜም ብዙ አይበላለጡም።

በረራው የሚረክሰው ከፊል ዋጋው ትኬት ባልቆረጠው ሰው ላይ ስለሚወድቅ ነው። በብሪታንያ መኪናውን ቤንዚን የሚሞላ ሰው ከ2022ቱ ቅናሽ በኋላ እንኳ በሊትር 52.95 ፔንስ ቀረጥ ሲጣልበት፣ መንገደኛ አውሮፕላን የሚያቃጥለው ኬሮሲን ግን ከነዳጅ ቀረጥ ነፃ ነው፤ ይባስ ብሎ መንግሥት በ2023 የአገር ውስጥ በረራ መንገደኛ የሚከፍለውን ግብር ከ13 ወደ 6.50 ፓውንድ አወረደው። አንድ ኪሎ ኬሮሲን ሲቃጠል ከ3 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ አጭር በረራ ደግሞ ብዙ ነዳጅ የሚበላው ወደ ላይ ሲወጣ በመሆኑ፣ በኪሎ ሜትር ሲሰላ ከረጅሙ ይከፋል። መንግሥት ራሱ በሚያወጣው የልቀት ስሌት፣ አውሮፕላኑ ከኋላው የሚተወው ነጭ መስመር የሚያስከትለው ሙቀት ጭምር ሲታሰብ፣ ከለንደን ኤደንብራ ባለው ጉዞ በነፍስ ወከፍ ከ100 ኪሎ በላይ ይደርሳል፤ በባቡር ግን 25 ኪሎ አይሞላም።

«ጥቂት ፓውንድ ጨምሩና ካርቦኑን እናካክሳለን» የሚለውን የአየር መንገዶች አማራጭ እንደ ኮፒ ዕቃ እዩት። ጭሱ ዛሬ ይወጣል፤ ይተከላል የተባለው ችግኝ ግን ያንን ያህል ካርቦን ለመሳብ ዓመታት ያስፈልጉታል፣ መጽደቁንም ከፋዩ ሄዶ አያይም። ኢዚጄት የተባለው አየር መንገድ በ2019 የጀመረውን ማካካሻ በ2022 እንደሚያቆም ያስታወቀው ራሱ ነው።

ጉዞው በድንገት ከሆነ የባቡሩ ዋጋ ከ100 ፓውንድ ሊያልፍ ይችላል፤ ያን ጊዜም ቢሆን ለንደን ካለው የቪክቶሪያ አውቶቡስ ጣቢያ የሚነሳውን የሌሊት አውቶቡስ እመርጣለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ሻንጣው ከሥር ይጫናል፣ የልቀቱም መጠን ከባቡር ጋር የሚቀራረብ ነው። ትኬቱን ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ስንት ሻንጣ እንደሚፈቅድ አረጋግጡ።