ለወንድሜ ጀርባ ለደረሳችሁልን

ይህን ለመጻፍ ስንት ወር ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። ትናንት ወንድሜ ቀጥ ብሎ ቆሞ አምፖል ሲቀይር ሳየው ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ልጅ ሆኖ የአከርካሪ ቲቢ ያዘው። መድኃኒቱን ጨርሶ ከቲቢው ዳነ፤ ጀርባው ግን ከዓመት ዓመት እየጎበጠ ሄደ። 16 ዓመት ሲሞላው ደረጃ መውጣት አቅቶት ትንፋሽ ያጥረው ነበር።

ያልሄድንበት የለም። ወጌሻ አሸው፣ ሳምንት ሙሉ ሲያቃስት አደረ። አንድ ቦታ "በስድስት ወር ቀጥ ይላል" ብለው ቀበቶ ሸጡልን፤ የእናቴ የእቁብ ብር በዚያ አለቀ። ሌላ ቦታ ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አንዴ አንስቶ አየና "ከተነካ ሽባ ይሆናል፤ ገንዘብ ካላችሁ ውጭ ውሰዱት" አለን። ልጁ እኮ እዚያው ቁጭ ብሎ ይሰማል! እስካሁን ያንገበግበኛል። ስም አልጠራም።

በመጨረሻ አንዲት ጎረቤታችን የዶክተር ሪክ ሆደስን የአከርካሪ ፕሮግራም ነገረችን። አዲስ አበባ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሠሩ አሜሪካዊ ሐኪም ናቸው። እዚያ የገረመኝ ነገር፣ ጀርባው የጎበጠ ሁሉ ኦፕራሲዮን አይደረግም። አንዱን በክትትል ብቻ ያቆዩታል፣ ለሌላው ደረት የሚይዝ ድጋፍ ያሠሩለታል። የእኛው ግን የባሰ ስለነበር ጋና፣ አክራ ወዳለው ፎኮስ ሆስፒታል ተላከ። ጋናዊው የአከርካሪ ሐኪም ቦዋቺ አጄይ የመሠረቱት ነው።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ራሱ ላይ የብረት ቀለበት አስረው ለሳምንታት ቀስ በቀስ ወደ ላይ በክብደት ይስቡታል። አስረድተውኛል፤ "አከርካሪው ቀስ ብሎ እንዲላላ" ከሚለው በላይ አልገባኝም። በቪዲዮ ሳየው ጮህኩ። እሱ ሳቀብኝ፤ "ዘውድ ጭኛለሁ" አለኝ።

አንዲት ነርስ ግን ከልቤ አትወጣም። እንግሊዝኛ እንደማይሆንለት ስታይ ሕመሙን በአማርኛ እንዴት እንደምትጠይቀው አስተማራት። መዳፏ ላይ ጻፈችው። ከዚያ በየሌሊቱ እየመጣች "ያምሻል?" ትለዋለች። ለሴት የሚባለውን ነው የያዘችው። ወንድሜ አላረማትም፤ አንጀቴን በላችው ይላል። እህቴ፣ ባለሽበት እግዚአብሔር ይስጥሽ!

ኦፕራሲዮኑ ቀን ስልኬን ይዤ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። "እግሩን አንቀሳቀሰ" የሚል መልእክት ሲመጣ እናቴ ስልኩን ሳመችው።

ቦሌ ልንቀበለው ሄደን ዓይኔ ዝቅ ብሎ ነበር የሚፈልገው፤ ለካ ከአጠገቤ ቆሟል። ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ አልደርስ ብሏል።

ልጅ ጎብጦባችሁ ቤት የደበቃችሁ ካላችሁ እባካችሁ አሳዩት፣ ሳይቆይ አሳዩት። ቀበቶ ሻጭ አትመኑ። ተራው ይረዝማል፣ ታገሡ። የድሮ ራጅና የቲቢ መድኃኒት ካርዱን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ እኛ ጥለነው ብዙ ተመላልሰናል። የቸገራችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የማውቀውን እነግራችኋለሁ።