ሼባማይልስ፣ ማይልስ ኤንድ ስማይልስ ወይስ ስካይዋርድስ? ለአዲስ አበባ ተመላላሽ የሚሻለው የቱ ነው?

ከዋሽንግተን፣ ከፍራንክፈርት ወይም ከዱባይ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የትኬቱን ዋጋ ነው። ማየትም አለበት። የሚያሳዝነኝ ግን በየዓመቱ እየበረረ አንድም ማይል ያላስመዘገበው መንገደኛ ብዛት ነው። ማይል ማለት አየር መንገዱ በበረሩ ቁጥር የሚያስብልዎት፣ ተጠራቅሞ ለትኬትና ለሌላ ጥቅም የሚውል ነጥብ ነው። ሼባማይልስ የኢትዮጵያ፣ ማይልስ ኤንድ ስማይልስ የቱርክ፣ ስካይዋርድስ ደግሞ የኤሚሬትስ አየር መንገድ የማይል ማጠራቀሚያ ካርዶች ናቸው። ካርዱ በነጻ ነው የሚወጣው።

ከማወዳደራችን በፊት አንድ ነገር እንያዝ። የምንበርበት አየር መንገድና ማይል የምናጠራቅምበት ካርድ የግድ አንድ መሆን የለባቸውም። ቱርክ አየር መንገድ ከ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.)፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ ከ2011 ጀምሮ ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባላት ናቸው። ሉፍታንዛና ዩናይትድም እዚያው አሉ። ስለዚህ በቱርክ ርካሽ ትኬት ያገኘ ሰው የሼባማይልስ ቁጥሩን ሰጥቶ ማይሉን እዚያ ማስገባት ይችላል። አሜሪካ ውስጥ በዩናይትድ የሚበርም እንደዚያው። በጣም ርካሽ በሆኑ ትኬቶች ላይ ግን የሚታሰበው ማይል ትንሽ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ የለም። ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ።

ኤሚሬትስ ከዚህ ኅብረት ውጭ ነው። በስካይዋርድስ ያጠራቀሙትን ወደ ሼባማይልስ ማዛወር አይቻልም።

ለእኛ ሰው ትልቁ ጥቅም ሻንጣ ነው ብዬ አምናለሁ። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ፣ የዘመድ አደራው፤ 2 ሻንጣ በ23 ኪሎ መቼ በቅቶን ያውቃል? በሼባማይልስ ጎልድ ደረጃ ሲደርሱ የስታር አሊያንስ ጎልድ መብት ያገኛሉ። በመደበኛው ላይ አንድ ተጨማሪ ሻንጣ፣ ወይም ትኬቱ በክብደት የሚቆጠር ከሆነ 20 ኪሎ ይጨመርልዎታል። ላውንጅ (የእንግዳ ማረፊያ ክፍል) መግባትና ቅድሚያ መሳፈርም አለ። ይህ መብት በኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን በአባል አየር መንገዶቹ ሁሉ ይሠራል። በቱርኩ ማይልስ ኤንድ ስማይልስ ተመሳሳዩን መብት የሚሰጠው ኤሊት የሚባለው ደረጃ ነው፤ አንዴ ከደረሱ 2 ዓመት ይቆያል። ስካይዋርድስም ለሲልቨርና ለጎልድ አባላት ተጨማሪ ኪሎ ይሰጣል፤ ግን ከኤሚሬትስ ሲወጡ ብዙም አይከተልዎትም።

ማይል ብቻውን በቂ አይደለም፤ የአየር መንገዱ አሠራርም መታየት አለበት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራዎቹን ቦሌ ላይ በማዕበል ያገናኛል። ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከእስያ የመጡት ጠዋት ያርፋሉ፣ ወደ አፍሪካ ከተሞች የሚሄዱት ተከታትለው ይነሳሉ። ጁባ ወይም ሉሳካ ለሚቀጥል ሰው ይህን የሚያህል ምቹ አላየሁም። ጉዳቱ፣ ኮኔክሽን ካመለጠ ቀጣዩ በረራ ብዙውን ጊዜ በማግስቱ ነው። ሌላም አለ፦ ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ያስቸግራል። ወደ አሜሪካ የሚሄደው አውሮፕላን መንገድ ላይ የሚያርፈው ለዚህ ነው፤ ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን በቀጥታ ይመጣል።

ቱርክ አየር መንገድ መንገደኞቹን የሚያገናኝበት የኢስታንቡል አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ሰፊ ነው፤ ሽማግሌ ወላጅ ለብቻ የሚጓዝ ከሆነ ዊልቸር አስቀድመው ይዘዙ። ትራንዚቱ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ከሆነ ቱርክ ነጻ የከተማ ጉብኝት ያዘጋጃል፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ግን ለመውጣት ቪዛ ያስፈልጋል።

የእኔ ምርጫ? አሜሪካና አውሮፓ ላለ ሰው ሼባማይልስ። ቱርክን አዘውትሮ የሚጠቀም፣ አዲስ አበባን በዓመት አንዴ ብቻ የሚያይ ከሆነ የቱርኩን ይያዝ። ዱባይ ለሚመላለስ ነጋዴ ስካይዋርድስ ይሻላል፤ ሌላው የዱባይ አየር መንገድ ፍላይዱባይም በዚያው ካርድ ይቆጥራል። ጅዳና ሪያድ ላሉት ግን ቀጥታ በረራ ስላለ ወደ ሼባማይልስ አደላለሁ። ሁሉንም ካርድ ይዞ ትንሽ ትንሽ መበተን አይጠቅምም፤ ማይል ጊዜው ያልፍበታል።

ሲመዘገቡ ስምዎን ልክ በፓስፖርቱ እንዳለው ይጻፉ፤ የአያት ስም ካለ እሱንም ጭምር። ካርዱና ትኬቱ ላይ ያለው ስም ካልተመሳሰለ ማይሉ ላይገባ ይችላል። ቦርዲንግ ፓስዎንም ማይሉ መግባቱን እስኪያዩ አይጣሉ፤ ከቀረ በእሱ ነው የሚጠይቁት።