አራት የተረሱ የሱፐርሂሮ ኮሚኮች፦ የትኛው ያልቃል? በየትኛው መልክ ይገዛ?

የድሮ ሱፐርሂሮ ኮሚክ የሚገዛ ሰው ቀድሞ የሚያየው ሽፋኑንና ዋጋውን ነው። መቅደም የነበረበት ጥያቄ ግን «ታሪኩ ያልቃል ወይ?» የሚለው ነው። እነዚህ ሥራዎች መጀመሪያ የወጡት በወር ወይም በሁለት ወር አንዴ፣ በቀጫጭን እትሞች ነው። ገበያው ከቀዘቀዘ አሳታሚው ይዘጋዋል፤ ደራሲው መሀል መንገድ ላይ ቢሆንም የሚጠብቀው የለም። በ1970ዎቹ፣ 80ዎቹና 90ዎቹ ወጥተው በትልልቆቹ ስም ተሸፍነው የቀሩ፣ ዛሬም ገንዘብ የሚያወጡ አራት ሥራዎችን በዚህ ሚዛን እናስቀምጣቸው። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ያለቀውና ተቆርጦ የቀረው

«ስኳድሮን ሱፕሪም» ከአራቱ ለገዢ የሚቀለው ነው። አሳታሚው ማርቭል ከ1985 እስከ 1986 በ12 እትሞች አወጣው። ማርክ ግሩንዋልድ የጻፈው 12 ላይ እንደሚዘጋ አውቆ ስለሆነ የተንጠለጠለ ነገር የለውም። ቡድኑ የተፎካካሪው አሳታሚ የዲሲ «ጀስቲስ ሊግ» አምሳያ ነው፤ ሃይፐርየን የሱፐርማንን፣ ናይትሆክ የባትማንን፣ ፓወር ፕሪንሰስ የወንደር ዉማንን ቦታ እንደያዙ ለመረዳት ሁለት ሦስት ገጽ ይበቃል። ይሁን እንጂ ፌዝ አይደለም። ዓለማቸው ፈራርሶ ያገኙት ጀግኖች አሜሪካን ራሳቸው ሊገዙ፣ ረሃብን፣ ወንጀልንና በሽታን በአንድ ዓመት ሊያጠፉ ይወስናሉ። «ዋችመን» የተባለው ዝነኛ ኮሚክ ሲመጣ ዓለም ያደነቀው ጥያቄ እዚህ አንድ ዓመት ቀድሞ ተነሥቶ ነበር።

ናይትሆክ በዕቅዱ አልተስማማም። በ1ኛው እትም እጁ ላይ ያለው አንድ ነገር ነው፤ ሃይፐርየንን ሊገድል ከሚችለው ከአርጎናይት የተሠራ ጥይት። ጓደኛውን አነጣጥሮ ይቆምና መተኮስ ያቅተዋል። የቀሩት 11 እትሞች በሙሉ የዚያች ያልተተኮሰች ጥይት ዕዳ ናቸው። ወንጀለኞችን እንዲያርም ተብሎ የተሠራውን የጠባይ መለወጫ መሣሪያ ደግሞ ጎልደን አርቸር አውጥቶ የጋብቻ ጥያቄውን ያልተቀበለችው ሌዲ ላርክ ላይ ይጠቀምበታል፤ እንድትወደው። ግሩንዋልድ ጎበዝ የሆነው እንዲህ ያለው ላይ ነው፤ ትልቁን የሥልጣን ጥያቄ በአንድ ሰው ትንሽ ክፋት ያሳያል።

ድክመቱም አይደበቅም። ሥዕሉ ቦብ ሆል ጀምሮት ፖል ራየን የሚጨርሰው፣ መሀል ላይ ሌሎች እጆችም የገቡበት የፋብሪካ ሥራ ነው፤ ይነበባል እንጂ አያስደምምም። ገጸ ባሕርያቱ እያደረጉ ያሉትን በአፋቸው ደግመው ይናገራሉ። እንግሊዝኛው ቀላል ስለሆነ ግን ለሁለተኛ ቋንቋ አንባቢ ይህ ጥቅም ነው።

ስትገዙ የሚያሳስተው ስሙ ነው። ማርቭል «ስኳድሮን ሱፕሪም» የሚለውን ስም በ2006ም በ2015ም ለሌሎች ተከታታዮች ተጠቅሞበታል። ሽፋኑ ላይ የግሩንዋልድ ስም ከሌለ ሌላ መጽሐፍ ነው። የ1997ቱ የመጀመሪያ ጥራዝ (ነጠላ እትሞቹን በአንድ መጽሐፍ የሰበሰበው) የተለየ ታሪክ አለው፤ ግሩንዋልድ በ1996 ሲሞት በኑዛዜው መሠረት የአስከሬኑ አመድ ከማተሚያው ቀለም ጋር ተቀላቅሎ ታትሟል። ሰብሳቢ ይህን ብሎ ብዙ ይከፍላል። ለማንበብ ከሆነ ግን ኋላ የታተሙት ውስጣቸው ያው ስለሆነ ርካሹን ውሰዱ። በመሀል የሚገባው የ«ካፕቴን አሜሪካ» 314ኛ እትም መካተቱን ብቻ አረጋግጡ። ነጠላ እትሞቹን የሚለቅምም ይህችን 13ኛ እትም አይርሳ።

«ኦሜጋ ዘ አንኖውን» የዚህ ተቃራኒ ነው። ስቲቭ ገርበርና ሜሪ ስክሪንስ ጻፉት፣ ጂም ሙኒ ሣለው፤ ከ1976 እስከ 1977 በ10 እትሞች ወጥቶ ተቆረጠ። ወላጆቹ ሮቦት ሆነው የተገኙ ጄምስ ማይክል የሚባል የ12 ዓመት ልጅ አለ፤ ከእሱ ጋር ምን እንደሚያገናኘው የማይታወቅ፣ የማይናገር ጀግናም አለ። ልጁ ኒውዮርክ ሄልስ ኪችን ውስጥ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚደርስበት ድብደባ የዘመኑ ኮሚክ ያልደፈረው ነው። 7ኛውንና 8ኛውን እትም ሌሎች ደራሲዎች ስለጻፏቸው ዜማው ይሰበራል። 10ኛው ላይ ጀግናው በፖሊስ ጥይት ይወድቃል፤ በቃ። ምስጢሩን የፈታው በ1979 «ዲፌንደርስ» 76 እና 77 ላይ የጻፈው ስቲቨን ግራንት ነው፤ የገርበር መልስ አይደለም። በ2005 የወጣው «ኦሜጋ ዘ አንኖውን ክላሲክ» ጥራዝ 10ሩንም እነዚያን ሁለቱንም ይዟል። 10ሩን አንብባችሁ ጥቂት ቀን ቆዩ፤ ሁለቱን ከዚያ በኋላ ብታነቡ ይሻላል። የ2007ቱ ተመሳሳይ ስም ያለው ሥራ ጆናታን ሌተም እንደ አዲስ የጻፈው ነው፤ አያምታታችሁ።

ዋካንዳና ዳኮታ

የ2018ቱን «ብላክ ፓንተር» ፊልም አይቶ ባላጋራው ኤሪክ ኪልሞንገር ከየት መጣ ያለ ሰው መልሱን «ፓንተርስ ሬጅ» ውስጥ ያገኛል። ታሪኩ የወጣው «ጃንግል አክሽን» በሚባል መጽሔት ከ6ኛው እስከ 18ኛው እትም፣ ከ1973 እስከ 1975 ነው። ደራሲው ዶን መክግሬገር ነው፤ ሠዓሊዎቹ ሪች በክለር፣ ጊል ኬን፣ ከዚያም አብዛኛውን የሣለው ጥቁር አሜሪካዊው ቢሊ ግራሃም ናቸው። የዋካንዳ ንጉሥ ቲቻላ፣ ማለትም ብላክ ፓንተር፣ ከአሜሪካ ሲመለስ አገሩ በዐመፅ ተናግታ ያገኛታል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ገጸ ባሕርይ ጥቁር የሆነበት ረጅም ታሪክ በዚያ ዘመን ማርቭል ውስጥ እንግዳ ነገር ነበር። የሚያስቀው፣ የመጽሔቱ የመጀመሪያዎቹ አራት እትሞች ነጭ የጫካ ጀግኖች የሚፎክሩባቸው የ1950ዎቹ ታሪኮች ድጋሚ ኅትመት ናቸው። 5ኛውም የፓንተር ድጋሚ ነው፤ 23ኛው ደግሞ ከ«ዴርዴቪል» 69 የተወሰደ። ነጠላ እትም ለቃሚ እነዚህን ስድስቱን መዝለል ይችላል።

ጉዳቱ የቃላቱ ብዛት ነው። መክግሬገር ሥዕሉ የሚያሳየውን በትረካ ሳጥን እንደገና ይተርከዋል፤ አረፍተ ነገሩ ይረዝማል፣ ቃሉ ይከብዳል። መጽሔቱ በሁለት ወር አንዴ ስለሚወጣ ያለፈውን ማስታወስም አለበት። በአንድ ቁጭታ ሦስት ክፍል ያነበበ ይደክመዋል፤ በቀን አንድ ክፍል ልክ ነው። ግራሃም ገጹን እንዴት እንደሚከፍለው ለማየት ግን መጀመሪያ ሳታነቡ ገልጣችሁ እለፉት።

«ፓንተርስ ሬጅ» ራሱ ያልቃል። ከ19ኛው እትም የሚጀምረው ፓንተር ከነጭ ዘረኞቹ ቡድን ከኩ ክለክስ ክላን ጋር የሚጋጭበት ክፍል ግን 24ኛው ላይ መጽሔቱ ሲዘጋ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ በ«ማርቭል ፕሪሚየር» 51 እስከ 53 ሌላ ደራሲ ቋጨው። ጥራዝ ስትመርጡ ልዩነቱ እዚህ ነው። የማርቭል «ኤፒክ ኮሌክሽን» እስከ 24 ይሄዳል፤ በ2022 የወጣው የፔንግዊን ክላሲክስ እትም 21 ላይ ያቆማል፤ በምትኩ መግቢያ ጽሑፎች አሉት። ሁለቱም ፓንተር በ1966 የተወለደባቸውን የ«ፋንታስቲክ ፎር» 52 እና 53 ይዘዋል። ዋናውን ታሪክ ብቻ ለሚፈልግ የተገኘው ይበቃል።

«አይከን» ከአራቱ ቀድማችሁ ግዙ የምንለው ነው። ማይልስቶን የተባለውን አሳታሚ ዱዌይን መክዳፊ፣ ዴኒስ ካወን፣ ማይክል ዴቪስና ዴሪክ ዲንግል መሠረቱት፤ ከ1993 ጀምሮ ዲሲ እያተመ ያከፋፍልላቸው ነበር፤ የገጸ ባሕርያቱ ባለቤትነት ግን የራሳቸው ሆነ። «አይከን» በመክዳፊ ብዕርና በማርክ ብራይት ሥዕል 42 እትሞች ሄዷል። በ1839 የወደቀን የሌላ ዓለም ፍጡር አንዲት በባርነት የምትኖር ሴት አንሥታው እንደ ልጇ ታሳድገዋለች፤ ስለማያረጅ በ1990ዎቹ ዳኮታ በምትባል ከተማ ኦገስተስ ፍሪማን የተባለ ሀብታምና ወግ አጥባቂ ጠበቃ ሆኖ ይኖራል። ቤቱን ሊዘርፉ ከገቡት ወጣቶች አንዷ ራኬል ናት። ጥይት ሲመልስ፣ ሲበር አየችው። ሌላ ሰው ቢሆን ሸሽቶ በቀረ ነበር፤ እሷ ተመልሳ መጥታ «ይህን ሁሉ ይዘህ ለምን ትቀመጣለህ?» በሚል ታፋጥጠዋለች። ሁለቱ አይከንና ሮኬት ተብለው የጀግና ልብስ ለብሰው ሰው ሊያድኑ የወጡበት የመጀመሪያ ቀን የሚጠብቃቸው ጭብጨባ ሳይሆን የተነጣጠረ የፖሊስ መሣሪያ ነው።

የክርክሩ ጥሩነት መክዳፊ አንዱን ብቻ አለማሸነፉ ነው። አይከን ራስህን ቻል ባይ ነው፤ ራኬል ከሕዝብ መኖሪያ ሕንፃ የመጣች፣ ኋላ ነፍሰ ጡር መሆኗን የምታውቅ ልጅ። እሱ ትክክል የሆነበት ገጽ አለ፣ እሷ ያስተማረችው ገጽ ይበልጣል። ንግግሩ የመንገድ እንግሊዝኛ ስለሆነ ጥቂት ቃል ፈልጋችሁ ታነቡ ይሆናል እንጂ እንደ መክግሬገር አያደክምም።

የጥራዞቹ ሁኔታ ትንሽ ተበታትኗል። «ኤ ሂሮስ ዌልካም» ከ1 እስከ 8 ይዟል፤ ብቻውንም ያጠግባል። «መዘርሺፕ ኮኔክሽን» 13፣ ከ19 እስከ 22፣ ከ24 እስከ 27፣ እና 30 ስለሆነ ሁለቱን ገዝታችሁም ቀዳዳ ይቀራል። ከ2022 ጀምሮ የወጡት «ማይልስቶን ኮምፔንዲየም» ጥራዞች «አይከን»ን ከሌሎቹ የማይልስቶን ሥራዎች ከ«ሃርድዌር»፣ «ስታቲክ» እና «ብለድ ሲንዲኬት» ጋር ያቀርባሉ። በገጽ ሒሳብ ርካሹ ይኸው ነው፤ ከ1,000 ገጽ በላይ የሆነ ለስላሳ ሽፋን መጽሐፍ ግን ተኝቶ አይነበብም፤ ጠረጴዛ ይፈልጋል፣ በግድ ከተዘረጋም ጀርባው ይሰነጠቃል። ነጠላ እትም ብትሉ 15 እና 16 በ1994 ከዲሲ ጀግኖች ጋር የተሠራው የ14 ክፍል «ወርልድስ ኮላይድ» ቁራጮች ናቸው፤ ብቻቸውን ትርጉም አይሰጡም። የ2021ዱ «አይከን ኤንድ ሮኬት» ደግሞ አዲስ ሥራ ነው። ለ14 እና 15 ዓመት ልጅ የሚገዛ «ስታቲክ»ን ያስቀድም፤ ቨርጂል ሃውኪንስ ራሱ የ15 ዓመት ተማሪ ነው።

ነጠላ እትም ወይስ ጥራዝ?

ለማንበብ፣ ጥራዝ። የ1970ዎቹና 80ዎቹ ነጠላ እትሞች የታተሙት በጋዜጣ ወረቀት ነው፤ በእንጨቱ ውስጥ የቀረው ሊግኒን ከብርሃንና ከአየር ጋር ሲገናኝ ወረቀቱ ይቢጫል፣ ይሰባበራል። በሌላ በኩል ለዚያ ደብዛዛ ወረቀት ተብሎ የተመረጠው ቀለም በዘመናዊ አንጸባራቂ ወረቀት ላይ ሲታተም ይጮኻል። ሁለቱን ያየ ሰው ያሮጌውን ለስላሳ ቀለም ቢወድ አይፈረድበትም።

አሮጌውን ከመረጣችሁ ከሻጩ አራት ፎቶ ጠይቁ፦ የፊት ሽፋን፣ የኋላ ሽፋን፣ መሀል ላይ የሚገኘው ድርብ ገጽ ከነስቴፕሉ፣ እና የአንባቢ ደብዳቤዎች ገጽ። የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ማርቭል ከ1974 ጀምሮ ደብዳቤው ገጽ ላይ ተቆርጠው የሚሰበሰቡ ቴምብሮች ያትም ነበር፤ የዘመኑ ልጆች በመቀስ ቆርጠው ወስደዋቸዋል። የተቆረጠበት «ጃንግል አክሽን» ከፊት ሲታይ አዲስ ይመስላል፤ ዋጋው ግን በጣም ይወርዳል፣ ከጀርባው ያለው ገጽም ቀዳዳ ይኖረዋል። ስቴፕሉ ከዛገ መጽሐፉ እርጥበት አይቷል። መሀሉ ከስቴፕሉ ከተላቀቀ ገጽ መጉደሉን ቁጠሩ።

የጥራት መለኪያው ከ0.5 እስከ 10 ነው። ስሞቹ ያታልላሉ፤ 8.0 «ቬሪ ፋይን»፣ 6.0 «ፋይን»፣ 4.0 «ቬሪ ጉድ» ይባላሉ። 2.0 «ጉድ» ነው፤ በእንግሊዝኛ ጥሩ ማለት ቢሆንም እጃችሁ ሲገባ የአማርኛው ጉድ ሊሆን ይችላል። ለአንባቢ ከ4.0 እስከ 6.0 ያለው በቂ ነው።

ዋጋው ያለ ምክንያት ሰማይ የነካ እትም ካያችሁ ሽፋኑ ላይ ያለውን ሳንቲም ተመልከቱ። ማርቭል በ1976 ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ አንዳንድ ከተሞች ውስጥ ብቻ 25 ሳንቲሙን በ30፣ በ1977 ከሰኔ እስከ ጥቅምት ደግሞ 30ውን በ35 ሸጦ ገበያውን ሞክሯል። የ«ኦሜጋ» 9 እና 10 የ35 ሳንቲም ቅጂዎች የሚወደዱት በዚህ ነው። ውስጣቸው አንድ ፊደል አይለይም። የማይልስቶን አንደኛ እትሞች ደግሞ በፕላስቲክ ታሽገው ከፖስተርና ከካርድ ጋር የተሸጡ አሉ፤ 90ዎቹ ብዙ የታተመበት ዘመን ስለሆነ እሽጉ ብቻ ብርቅ አያደርጋቸውም። ከ«ስታቲክ» 1 በቀር ብዙ አትክፈሉ።

አሜሪካ ያላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት የላይብረሪ ካርዳችሁን ሞክሩ፤ የሰፈራችሁ ቅርንጫፍ ባይኖረው ከሌላ ያስመጣል፤ ብዙ ላይብረሪዎች «ሁፕላ» በተባለው የዲጂታል ውሰት አገልግሎት በኩል በነጻ ያስነብባሉ። በስልክ ለማንበብ «ስኳድሮን» እና «አይከን» ይመቻሉ፤ ክፈፎቻቸው ቀጥ ያሉ ናቸው። የግራሃም ገጾች ግን በስልክ ይበላሻሉ፤ እነሱን ቢያንስ 10 ኢንች በሆነ ታብሌት፣ ሁለት ገጽ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ክፈቱ።