ሊብሬኦፊስ ወይስ ማይክሮሶፍት ኦፊስ?

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ለተራ ተጠቃሚ አይሆንም የሚሉ ሰዎች ፊልም የሚያዩበትን ቪኤልሲ ረስተውታል። ደብዳቤና ሠንጠረዥ በምንሠራበት ኦፊስ ላይ ግን፣ ክፍት ምንጩ ሊብሬኦፊስ ከማይክሮሶፍቱ ጋር ሲነጻጸር፣ ክርክሩ ትንሽ ይከብዳል።

ዋጋ፦ ሊብሬኦፊስ ነጻ ነው። ማይክሮሶፍት 365 በየወሩ ወይም በየዓመቱ ያስከፍላል። ብዙ ሰው ክራክ የተደረገውን (ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረውን) ያስጭናል፤ እሱ ደግሞ ቫይረስ ይዞ ከች ሊል ይችላል።

ልምድ፦ ማይክሮሶፍቱን ሁሉም ያውቀዋል። ሲቸግራችሁ የሚያሳያችሁ አታጡም።

ፋይል፦ ሊብሬኦፊስ የዎርድ ፋይል ይከፍታል። ጣጣው ሠንጠረዥ የበዛበት ሲቪ ላይ ነው፤ መስመሩ ሊዛነፍ፣ አንዱ ገጽ ሁለት ሊሆን ይችላል። ከመላካችሁ በፊት ፒዲኤፍ አድርጉት፣ አለቀ።

ለቤት ሥራና ለደብዳቤ ሊብሬኦፊስ ይበቃል፤ እንዲያውም ይተርፋል። መሥሪያ ቤታችሁ ማክሮ (ሥራን በራሱ የሚያከናውን ትእዛዝ) የሞላበት ኤክሴል የሚልክላችሁ ከሆነ ግን አትድከሙ፣ ማይክሮሶፍቱን ግዙ።