ማርሚታ ልታስቀይሩ ያሰባችሁ፣ ቱሉ ዲምቱ አንድ ጋሼ አሉላችሁ

ሥራው የተሠራልኝ ግንቦት ላይ ነው። ምስጋናውን እስካሁን ያዘገየሁት ሆን ብዬ ነው። ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) የተሠራ ዕለት ሁሉም ያምራል፤ ጉዱ የሚወጣው ክረምት ሲያልፍበት ነው። ያለፈው እሁድ መኪናዋን በክሪክ አንስቼ ከሥር ገባሁ። ጭቃ አለ። ዝገት ግን የለም። አንድም ብየዳ አልተሰነጠቀም። እንግዲህ አሁን ልጻፍ።

የምነዳው ቪትዝ ነው። አትሳቁ። አር ኤስ የምትባለው ናት፤ 1.5 ሊትር ሞተር፣ ባለ አምስት ማርሽ ማንዋል። ጃፓኖቹ 110 ፈረስ ጉልበት አላት ይላሉ። ችግሩ፣ ከሩቅ ለሚያያት ከታክሲዎቹ ቪትዞች አትለይም። መዘዙን ሁሉ ያመጣው ይሄ ነው። ሰው ካላያት ቢያንስ ይስማት ብዬ ስፖርት ማርሚታ አማረኝ።

መጀመሪያ መሀል ከተማ አንድ ቤት ወሰድኳት። ስሙን አልጠራም። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ፈጣኖች ናቸው። ጠዋት 3 ሰዓት ገብቼ 7 ሰዓት ላይ ጨርሼ ወጣሁ። ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ትልቁን አወረዱልኝ። እኔም ዓይኔ ያረፈው ትልቁ ላይ ስለነበር ጥፋቱ የጋራችን ነው። ከመሀል እስከ ኋላ ባለ ሁለት ተኩል ኢንች ቱቦ፣ ጫፉ ላይ የዱቄት ወተት ጣሳ የሚያህል ማርሚታ። ‘ካታሊቲኩንም እናውጣልህ፣ ሞተሯ ይተነፍሳል፤ የወጣውን ለእኛ ተወው’ ብለውኝ ነበር። ካታሊቲኩን፣ የጭሱን መርዝ የሚቀንሰውን ክፍል ማለት ነው፣ እንቢ ያልኩት እንኳ አውቄ አይደለም። ሰዓት ሄዶብኝ ነው።

የመጀመሪያው ማታ ደስ ብሎኝ ሁለት ጊዜ ያለ ሥራ ወጣሁ።

ከዚያ ሌላው መጣ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ ለሥራ የምወጣው ደግሞ ከንጋቱ 11:30። በሦስተኛው ቀን ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ነጠላቸውን እንደለበሱ ደረጃው ላይ ጠበቁኝ። «አንተ ልጅ፣ ሕንጻውን ልትንድብን ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ፈጣን መንገዱ ላይ ደግሞ 100 ስገባ አንድ የሚያስጠላ ጉምጉምታ ይነሳል፤ ንብ ጆሮዬ ውስጥ ቀፎ የሠራ ይመስለኛል። ዳገት ላይ መኪናዋ ደከመች። ነዳጅ ጨመረች። የፍጥነት መቀነሻ ባለፍኩ ቁጥር ቱቦው መሬት ይፍቃል። ብየዳው ላይ ቡናማ ዝገት የታየው ወር ሳይሞላ ነው። ‘ስቴይንለስ ነው’ ተብዬ ነበር የከፈልኩት።

ጋሼን ያገኘሁት በጎማ ሰበብ ነው። ጎሚስታው ጎማዬን እየለጠፈ፣ «ወንድሜ፣ ይሄን ድምፅ ይዘህ እዚያ ኋላ ጋሼ ጋ ግባ፤ ሲሰሙህ ያማቸዋል» አለኝ። እየቀለደ መስሎኝ ነበር።

ጋራዣቸው ጋራዥ አይመስልም። የላሜራ አጥር፣ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ የብየዳ ማሽን፣ አንድ ረዳት ልጅ። ግድግዳው ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ አሮጌ ማርሚታ ተሰቅሏል። ለጌጥ አይደለም። ለገባ ሰው ሁሉ በእሱ ነው የሚያስተምሩት። የፋብሪካው ማርሚታ ውስጡ ክፍል ክፍል ነው፤ ጭሱ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞረ ድምፁ ይሞታል። ስፖርት የሚባለው ግን በብዙ ቀዳዳ የተበሳ ቀጥ ያለ ቱቦ ነው፤ ዙሪያው ድምፅ የሚውጥ የመስታወት ቃጫ ይጠቀጠቃል። ርካሹ ላይ ቃጫው ቶሎ ተቃጥሎ ያልቅና ባዶ ጣሳ ይቀራል። የእኔን በመፍቻ መታ አደረጉት። ባዶ ቆርቆሮ ጮኸ። (ማርሚታ ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ እዚያ ድስት ማለትም ነው ይባላል። እኔ የገዛሁት በእርግጥም ድስት ነበር።)

ኮፈኑን ሳይከፍቱ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ እኔ ነው። የት ነው የምትሠራው? በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ትነዳለህ? ሰው ትጭናለህ? ቤትህ ኮንዶሚኒየም ነው ግቢ? ቀጥሎ፣ «የምትፈልገው ድምፅ ነው ጉልበት?» አሉኝ።

«ሁለቱንም።»

«ሁለቱንም የሚል ሰው መጀመሪያ ድምፁን ነው የሚፈልገው» አሉና ወደ ጉድጓዱ ወረዱ።

ጉልበቱን በተመለከተ የነገሩኝን ለመዋጥ ጊዜ ፈጀብኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል፤ ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተርም በዚያው ልክ ይደክማል። የእኔ 110 ፈረስ እዚህ ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው። «ከፍታው የወሰደብህን ቱቦ አይመልስልህም። ጥሩ ማርሚታ ለዚች ሞተር ሁለት ሦስት ፈረስ ይጨምር ይሆናል፤ እሱንም አታውቀውም» አሉኝ። አንድ ጊዜ አዳማ ስወርድ መኪናዋ ጉልበት እንዳገኘች ነግሬያቸው ሳቁ። «አዳማ እኮ ከእኛ ስድስት መቶ ሜትር ዝቅ ትላለች። አየር አግኝታ ነው።» ሥራ ፈልጎ የሚጠብቅ ሰው እንዲህ ብሎ ደንበኛ ያባርራል? በዚያች ቅጽበት ነው ልቤ የረጋው።

ቱቦው ለምን እንዳደከማትም አሳዩኝ። ብዙ ሰው፣ እኔም ጭምር፣ ‘ሞተር ከኋላ ግፊት ካላገኘ አይሠራም’ ሲባል ሰምተናል። እሳቸው አይስማሙም። ሞተር መታፈን አይወድም፤ የሚወደው ጭሱ ትኩስ እንደሆነ፣ በፍጥነት እንዲወጣለት ነው። ቱቦው ሲሰፋ ጭሱ ይዝናናል። ሲዝናና ይቀዘቅዛል። አንዱ ጭስ ሲሮጥ የሚቀጥለውን ይስብ ነበር፤ ያ ይቀራል። ዝቅተኛ ዙር ላይ ጉልበት የጎደለኝ ለዚህ ነው። «በሩ ስለሰፋ በሬው አይሮጥም» አሉኝ። ለ1.5 ሊትር ሞተር ሁለት ኢንች ከበቂ በላይ ነው።

ነዳጁ ደግሞ ሌላ ምክንያት ነበረው። ረዳቱ የኋላውን ጫፍ በጨርቅ ሲይዝ ከፊት በኩል ጩጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። የመጀመሪያው ቤት ሰዎች ሲፈቱት የነካኩት ጉዋርኒሲዮን (የመገጣጠሚያው ማሸጊያ) አልተቀየረም፤ ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ያሳልፋል። እኔ የማውቀው ጭስ እንደሚወጣ ነው። ጋሼ እንዳሉት ግን በዚያ ቀዳዳ አየርም ይገባል። ሴንሰሩ ያን ትርፍ አየር ሲያይ ነዳጅ ያነሰ ይመስለዋል፤ ኮምፒውተሩም ይጨምራል። ለአንዲት ጉዋርኒሲዮን ስንት ወር ቤንዚን ከፈልኩ!

ስለ ካታሊቲኩ ሳነሳ ቆጣ አሉ። ውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየም እና ሮዲየም አለ፤ ወርቅ ቤት የሚያውቃቸው ዓይነት ብረቶች ናቸው። «ተወው ያለህ ሰው ላንተ አዝኖ መሰለህ?» አሉኝ። እሳቸው ደህና ካታሊቲክ አያወጡም። የሚወጣው ጭስ የሚገባው የጎረቤት ልጅ ሳንባ ውስጥ ነው፣ ዳሽቦርዱ ላይም መብራት ይበራብሃል፣ አለቀ። ይህን ሥራ ለማሠራት የሚሄድ ካለ አይሂድ፤ ይመልሱታል።

በማግኔት ጉዳይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙዎቻችን የምንታለልበት ነውና። ከድሮ ስፒከር የወጣ ማግኔት ኪሳቸው ውስጥ አለ። የእኔ ‘ስቴይንለስ’ ላይ ሲያስጠጉት እንደ መዥገር ተጣበቀ። ታዲያ ወዲያው ‘ውሸት ነው’ አላሉም። ሁለት ዓይነት አለ። 304 የሚባለው ክሮምየምም ኒኬልም ያለበት ነው፤ ማግኔት ብዙም አይስበውም፤ ዝገትን በደንብ ይችላል። 409 የሚባለው ኒኬል የለውም ማለት ይቻላል፤ ማግኔት ይስበዋል፤ ግን እሱም ስቴይንለስ ነው፣ ፋብሪካዎችም ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ማግኔት ስለያዘ ብቻ ሻጩን ሌባ አትበሉት። ጋሼ ቀጥሎ በፋይል ጫፉን ፋቅ አደረጉት። የሚያብረቀርቀው ተላጠ። ከሥሩ ተራ ብረት። የእኔ ሦስተኛው ዓይነት ነበር፤ ክሮም የተቀባ።

አሮጌውን ኦሪጅናል ጥዬው እንደሆነ ጠየቁኝ። አልጣልኩትም፤ ባለቤቴ በየሳምንቱ ‘ይሄን ብረት ከበረንዳ አንሳልኝ’ የምትለው እሱ ነበር። በማግስቱ አመጣሁት። መሀሉ ላይ ያለችው ትንሿ ጣሳ፣ ሬዞኔተር የምትባለው፣ ደህና ነች። ያችን ቆርጠው አዲሱ ላይ መለሷት። ያ ንብ የሚመስለው ጉምጉምታ የመጣው እሷ ስትወጣ ነው። ሂሳቡንም አስረዱኝ፦ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለቴ ይተኩሳል። በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ በሰከንድ መቶ ጊዜ ማለት ነው። ያ ወፍራም ድምፅ የመኪናዋን ቆርቆሮ እንደ ከበሮ ይመታዋል። እኔ ፈጣን መንገዱ ላይ የምነዳው ልክ በዚያ ዙር ነው። ስለዚህ አዲስ ሬዞኔተር አልሸጡልኝም። የራሴን መለሱልኝ።

ከኋላ መካከለኛ መጠን ያለው፣ ውስጡ በደንብ የተጠቀጠቀ ማርሚታ ገጠሙ። ቱቦው ባለ ሁለት ኢንች 304። ኩርባው ላይ ወገቡ ያልተጨማደደ፣ ታጥፎ የመጣ ቁራጭ ነው የሚጠቀሙት። ከመበየዳቸው በፊት ባትሪውን ነቀሉ። ብየዳው በአርጎን ጋዝ ነው፤ የቱቦውን ሁለት ጫፍ በፕላስተር አሽገው ውስጡንም በጋዙ ሞሉት። ካልሞላ ከውስጥ በኩል ስኳር የመሰለ ቅርፊት ይወጣዋል፣ መዛገት የሚጀምረውም ከዚያ ነው አሉ። ያረጁትን የማንጠልጠያ ጎማዎች ቀየሩ፤ ቱቦውንም ወደ ላይ ሰበሰቡት። አሁን ኮብልስቶኑ ላይ አይፍቅም።

እዚህ ላይ አንድ ያፈርኩበትን ልንገራችሁ። ማርሚታው ሥር ትንሽ ቀዳዳ አየሁና ረዳቱን ‘ይሄን ረስታችኋል፣ በየዱት’ አልኩት። ልጁ ጋሼን አየ፣ ጋሼ ሰማዩን አዩ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ከሞላ ጎደል አንድ ሊትር ውሃ ይወጣዋል። መንገዱ አጭር ሲሆን ማርሚታው ሳይሞቅ ውሃው እዚያው ይተኛና ከውስጥ ይበላዋል። ቀዳዳዋ የውሃው መውጫ ናት። ስንቱ ‘አፈሰሰ’ ብሎ አስደፍኗት ይሆን።

ሲያልቅ አብረውኝ ወጡ። ከቱሉ ዲምቱ መግቢያ እስከ ቢሾፍቱ መውጫ ሄደን ተመለስን። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሰሙት። ሲመለሱ አንዱን ማያያዣ ፈተው በሁለት ጣት ያህል አዞሩትና አጠበቁት። እኔ ልዩነቱን አልሰማሁም። እሳቸው ሰምተዋል።

ድምፁ አሁን እንዴት ነው? ስትረግጧት ወፈር ያለ፣ የሚያስደስት፤ ቀስ ብላችሁ ስትነዷት ዝም። ክላውዶ (የዓመቱን ምርመራ) ያለ ጥያቄ አለፈች። እትዬ ደግሞ አንድ ቀን፣ «መኪናህን ሸጥካት እንዴ? ጠዋት ጠዋት አልሰማህም» አሉኝ።

ጉድለት የለባቸውም ማለት አይደለም። ሐሙስ ያሉት ቅዳሜ ነው ያለቀው። ወሬ ይወዳሉ፤ ቸኩሎ ለሚሄድ ሰው ይከብዳል። ክረምት ላይ መግቢያው ጭቃ ነው፣ ዝቅ ያለ መኪና ያላችሁ ዳር አቁማችሁ በእግር ግቡ። የበዓል ቀን አይሠሩም፤ የሚያከብሯቸው በዓላት ደግሞ ከእኔ ካላንደር ይበዛሉ። ዋጋው ለፊተኛው ቤት ከከፈልኩት ግማሹን አልሞላም። ቁጥሩን የማልጽፈው የብረት ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ነው፤ ኋላ ‘እገሌ በዚህ አሠራ’ ብላችሁ እንድትከራከሯቸው አልፈልግም።

የነዳጅ መኪና ማስገባት ከ2016 ጀምሮ ስለተከለከለ እጃችን ላይ ያለችውን መጠበቅ ነው። ጋሼም ይህን ያውቁታል፤ አሮጌ መኪና ሲገባላቸው እንደ ዘመድ ነው የሚቀበሉት።

ስማቸውንና ስልካቸውን አልለጥፍም። «ስልኬን ከበተንክ ሥራዬ ሃሎ ማለት ይሆናል» ብለው ከልክለውኛል። ቱሉ ዲምቱ ደርሳችሁ ጎሚስታዎቹን ‘የማርሚታው ጋሼ’ ብላችሁ ጠይቁ። ጠዋት ሂዱ፣ ሞተሩ ሳይግል እንዲሰሙት። አሮጌውን ማርሚታ አትጣሉት፤ ጭናችሁ ውሰዱት።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን ያነብልዎታል ብዬ ነው። እግዜር ይስጥልኝ። የወንድሜን መኪና ይዤ የምመጣው ከመስቀል በኋላ ነው፤ ወረፋ ያዙልኝ።